ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከሜዳ እስከ ስብሰባ አዳራሽ

የስፖርት አስተዳደር ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የጨዋታ መርሐ ግብርና ዋንጫ ነው። የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሥራ ዘመን ግን ሙያው ሕዝባዊ አገልግሎት መሆኑን ያስረዳል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫዋችነት የታወቁት እኒህ ሰው፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ብሔራዊ ቡድን አሠልጥነዋል። ትልቁ ሥራቸው ግን በስብሰባ አዳራሽ የተከናወነው ነው።

በእንግሊዝ አገር ለሚደረገው የ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ፊፋ የመደበው ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጠቅላላ አንድ ብቻ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ተቃውሞውን ከመሩት መካከል ነበሩ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም ከማጣሪያው ወጡ። ሌላ ኃይል ላልነበራቸው አገሮች አለመገኘት ራሱ መደራደሪያ ሆነ። ለቀጣዩ የሜክሲኮ ውድድር አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ተሰለፈች።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ማለትም እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት የአፓርታይድ ሥርዓት የነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ከውድድር እንድትገለል አጥብቀው ታግለዋል። የትምባሆና የአልኮል ማስታወቂያ ከእግር ኳስ ጋር እንዳይቆራኝም ይቃወሙ ነበር። ገቢ ለሚሻ ድርጅት መሪ ይህ ቀላል አቋም አልነበረም።