ከወተት ጥርስ ሥር

የልጅ ጥርስ ሲቦረቦር በብዙ ቤቶች የሚሰማው መጽናኛ «ይወልቅ የለ፣ የወተት ጥርስ ነው» የሚል ሲሆን፣ ይህ ስለሚወልቀው ጥርስ እውነት ቢሆንም ከሥሩ ስላለው ጥርስ ምንም አይናገርም። ከ6ኛው ወር ገደማ ጀምሮ የሚበቅሉትና ልጁ 3 ዓመት እስኪሆነው 20 የሚሞሉት የወተት ጥርሶች ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ተራ በተራ ይወልቃሉ፤ ምትካቸው የሚሆነው ቋሚ ጥርስ ግን መሠረቱን የሚይዘው ያን ጊዜ ሳይሆን ሕፃኑ ገና ጡት በሚጠባበት ወራት፣ ከድዱ በታች፣ በመንጋጋው አጥንት ውስጥ ነው። ከፊት ጥርሶች ጎን የሚገኘው ሹሉ ቋሚ ጥርስ፣ ማለትም ክራንቻው፣ ሕፃኑ ከ4 እስከ 5 ወር ሲሆነው መጠንከር ይጀምራል።

በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ነው «ግግ» የሚወጣው። ግግ የሚባለው ክራንቻ በሚበቅልበት ቦታ ላይ ድዱ ነጣ ብሎ ሲያብጥ የሚታየው ነገር ሲሆን፣ የሕፃኑን ተቅማጥ፣ ትውከትና ትኩሳት ያመጣው እርሱ ነው ተብሎ ስለሚታመን ድዱ በሹል ብረት ተፈልፍሎ ይወጣል። የሚወጣው ነጭና ለስላሳ ነገር በአንዳንድ የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢዎች ትል ነው ተብሎ ለቤተሰቡ ይታያል፤ በእርግጥ ግን ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻ እንቡጥ ነው። ተቅማጡ ከዚህ ዕድሜ ጋር የሚገጣጠመው ሕፃኑ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ መክተት ስለሚጀምር፣ ከጡት ሌላ ምግብ ስለሚቀምስና ከእናቱ ይዞት የተወለደው የበሽታ መከላከያ እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው። እንዲህ ያለው ተቅማጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ስለሚቆም ምስጋናው ለግግ አውጪው ይደርሰዋል፤ ልማዱ ይህን ያህል ዘመን የቆየውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ከቁስሉ ሊከተል ከሚችለው የደም መፍሰስና ኢንፌክሽን በተጨማሪ፣ ብረቱ ከእንቡጡ አልፎ ቋሚውን ክራንቻ ከነካ ጥርሱ ከዓመታት በኋላ ተበላሽቶ ይወጣል፣ ወይም ከነጭራሹ አይበቅልም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞችም ይህንኑ ጉድለት መዝግበዋል።

የጥርስ መቦርቦር ወደ ቋሚው ጥርስ የሚደርስበት መንገድ ግን ዝግ ያለ ነው። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜልን፣ ያሟሟል፤ ምራቅ ደግሞ አሲዱን አርግቦ የሟሟውን ማዕድን በከፊል ይመልሳል። ስለዚህ ከሚበላው የስኳር መጠን ይልቅ ድግግሞሹ ይበልጥ ይጎዳል፤ አንድ ከረሜላ በልቶ የጨረሰ ልጅ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ በጥቂት በጥቂቱ ከሚጎነጭ ልጅ ይሻላል። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ፣ ስኳር የገባበት ወተት ወይም አጥሚት የያዘ ጡጦ በአፉ ይዞ የሚያድር ሕፃን ከሁሉም የባሰ ጉዳት ይደርስበታል። የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ምላስ ስለሚሸፍናቸው ሕመሙ የሚጀምረው ከላይኞቹ ሲሆን፣ የላይኛውን ከንፈር ቀና አድርጎ ለሚያይ ወላጅ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት በድዱ ጠርዝ ላይ የተሰመረ፣ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ጉዳቱ ገና ሊመለስ ይችላል፤ ቡናማ ሆኖ ከተቦረቦረ በኋላ ግን የወተት ጥርስ ኢናሜል ስስ በመሆኑ ኢንፌክሽኑ ፈጥኖ ወደ ሥሩ ይወርዳል፣ ከዚያም ከታች ወዳለው ቋሚ ጥርስ ሊደርስ ይችላል። የበሰበሰ የወተት መንጋጋ ጥርስ ያለጊዜው ሲነቀልም አጎራባቾቹ ወደ ክፍተቱ ስለሚያዘነብሉ፣ ቋሚው ጥርስ መውጫ አጥቶ ተጣሞ ሊበቅል ይችላል።

መከላከያው ከመጀመሪያው ጥርስ ጋር የሚጀምር መቦረሽ ሲሆን፣ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። መፋቂያ ቆሻሻውን ቢያጸዳም የሳሙናውን ፍሎራይድ አይተካም። የሳሙናው መጠን የተገደበበት ምክንያት በስምጥ ሸለቆ ነዋሪዎች ጥርስ ላይ ይታያል፤ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን በላይ ስለሆነ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ያንን ውኃ ጠጥተው ያደጉ ሰዎች ቋሚ ጥርሶች ብዙ ጊዜ ቡናማ ሆነው ይበቅላሉ።

ከቋሚ ጥርሶች ሁሉ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚበቅለው የ6 ዓመቱ መንጋጋ ነው። ይህ ጥርስ ማንንም ሳያስወልቅ ከወተት መንጋጋዎች ኋላ ስለሚወጣ ወላጆች ከሚወልቁት አንዱ ይመስላቸዋል፤ ማኘኪያው ላይ ያሉት ጥልቅ ሰርጦች ምግብ ስለሚይዙና ብቅ ሲል ከጎረቤቶቹ ዝቅ ስለሚል፣ ብሩሹ ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ በላዩ ያልፈዋል። ስለዚህ ወላጅ ብሩሹን ከጉንጭ በኩል አግድም አስገብቶ ለብቻው ሊቦርሸው ይገባል።