የልብ ቀዶ ሕክምናና የአንጎል ክትትል፦ ስትሮክን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን?

የልብ ቫልቭ የተቀየረለት ሕመምተኛ ከማደንዘዣ ሲነቃ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው እጅና እግሩን እንዲያንቀሳቅስ ነው። አንዱ ጎን ካልታዘዘለት ጉዳቱ የደረሰው ምናልባት ከሰዓታት በፊት ነው። የአንጎል ክትትል ዓላማ ይህን የባከነ ጊዜ ማሳጠር ነው።

በአገራችን ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። በበለጸጉት አገሮች ለልብ ቀዶ ሕክምና የሚቀርበው በአብዛኛው የልብ ደም ሥሩ የጠበበ አረጋዊ ነው። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ሥራ በጀመረው የልብ ማዕከል ተራ የሚጠባበቁት ግን በብዛት በሩማቲክ የልብ ሕመም ወይም አብሮ በተወለደ የልብ ጉድለት የተጠቁ ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። ሚትራል ቫልቩ በጠበበና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ባለበት ወጣት፣ በግራው የላይኛ የልብ ክፍል ደም ሊረጋ ስለሚችል ስትሮክ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ያሰጋል።

በቀዶ ሕክምና ክፍል ይበልጥ የተለመደው መሣሪያ በግንባር ግራና ቀኝ ተለጥፎ በኢንፍራሬድ ብርሃን የአንጎልን ኦክስጅን የሚለካው ነው። ንባቡ ከመነሻው ከ20 በመቶ በላይ ሲወርድ የአንገትና የካኑላ አቀማመጥ፣ የደም ግፊት፣ የልብ-ሳንባ ማሽኑ የደም ፍሰት፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድና የሄሞግሎቢን መጠን ይፈተሻሉ። መሣሪያው የሚያየው የአንጎልን የፊት ገጽ ብቻ ስለሆነ በስተኋላ የተዘጋ የደም ሥር ያመልጠዋል። የጠቆረ ቆዳም ንባቡን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ስለዚህ ለእኛ ሕመምተኞች ከተወሰነ ቁጥር ይልቅ የሕመምተኛው የራሱ መነሻ ንባብ ይታመናል። ዶፕለር ወደ አንጎል የሚያልፉ ቅንጣቶችን ያሳያል፤ ይሁንና አብዛኞቹ ጉዳት የማያስከትሉ የአየር አረፋዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ኢ.ኢ.ጂ. ደግሞ በማደንዘዣና በሰውነት መቀዝቀዝ ይደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማም በኢንፍራሬድ የሚደረገው ክትትል ስትሮክን ስለ መቀነሱ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። እንግዲህ መሣሪያዎቹ ያስጠነቅቃሉ እንጂ አይተነብዩም።

ከስትሮኮቹ ብዙዎቹ የሚደርሱት ሕመምተኛው በሰላም ከነቃ በኋላ፣ በቀጣዮቹ ቀናት ነው። በዚህ ጊዜ ነርሷ በየሰዓቱ ፊትን፣ ክንድንና ንግግርን መመርመሯ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ አያንስም።

ሕመምተኛው ወደ ለቡ ወይም ወደ ሌላ ሰፈር ሲመለስ ክትትሉ በዋርፋሪን ይቀጥላል። ሰው ሠራሽ የብረት ሚትራል ቫልቭ ላለው አይ.ኤን.አር. ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። በዚህ ቫልቭ ላይ አዲሶቹ የደም ማቅጠኛዎች አይተኩትም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የኢንቪክተስ ጥናትም በሩማቲክ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ዋርፋሪንና መሰሎቹ ከሪቫሮክሳባን እንደሚሻሉ አሳይቷል። ድንገት አፉ የተጣመመ ወይም ክንዱ የዛለ ሕመምተኛ ጤና ጣቢያ ቢደርስ፣ ደህና ሆኖ የታየበት የመጨረሻ ሰዓት ይመዝገብ፣ የደም ስኳሩ ይለካ፤ የሲቲ ምርመራ ሳይደረግለት አስፕሪን ሳይሰጠው፣ የቀዶ ሕክምናው ቀንና የመጨረሻው አይ.ኤን.አር. በማስተላለፊያ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ይላክ።