ቺምፓንዚን እንደ ልጅ ማሳደግ፦ ፍቅር የማይለውጠው ነገር



ዳይፐር ታጥቆ፣ ጡጦ እየጠባ፣ አሳዳጊው አንገት ላይ ተጠምጥሞ የሚተኛ የቺምፓንዚ ግልገል ቪዲዮ ሳታዩ አትቀሩም። «እንዴት ያሳሳል! ቤት ማሳደግ ይቻላል እንዴ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እንደ ሐኪም መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም። ምክንያቱን በአንድ እውነተኛ ታሪክ ላስረዳችሁ።

ትራቪስ ይባላል። በ3 ቀኑ ከእናቱ ተለይቶ አሜሪካ፣ ኮነቲከት ግዛት ውስጥ በሰው ቤት እንደ ልጅ አደገ። ልብሱን ራሱ ይለብሳል፣ በር በቁልፍ ይከፍታል፣ በመኪና ይዞራል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2009፣ ክብደቱ ወደ 90 ኪሎ በደረሰበት ጊዜ፣ ለዓመታት የሚያውቃትን የአሳዳጊውን ጓደኛ አጠቃት። ሴትዮዋ ሁለት እጆቿን፣ አፍንጫዋን፣ ከንፈሯንና የዓይኗን ብርሃን አጣች። በ2011 ቦስተን ውስጥ የፊት ንቅለ ተከላ ተደረገላት። ትራቪስን ደግሞ በዚያው ቀን ፖሊስ ተኩሶ ገደለው።

ልብ በሉ፤ ትራቪስ ፍቅር አልጎደለበትም። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

👉 ግልገል ሆኖ አይቀርም። የምናየው ቪዲዮ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ከጉርምስና በኋላ መናከስና ለበላይነት መታገል የተፈጥሮ ባሕርዩ ነው፤ ጥላቻ አይደለም። ውሻ ከሰው ጋር በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ተላምዷል። ቺምፓንዚ ግን ቤት ስላደገ ብቻ የቤት እንስሳ አይሆንም።

👉 በሽታ ይዋዋሳል። ለእኛ በጣም ስለሚቀርብ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኢንፍሉዌንዛና የአንጀት ጥገኛ ትሎች ከእሱ ወደ ሰው፣ ከሰውም ወደ እሱ ይተላለፋሉ። ለእኛ ቀላል የሆነ ጉንፋን እሱን ሊገድለው ይችላል።

👉 ግልገሉም ይጎዳል። በዱር ቢሆን ለዓመታት ከእናቱ ሥር አይለይም ነበር። ከጫካ ግልገል ለመውሰድ ደግሞ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ትገደላለች።

«እኛ አገር ቺምፓንዚ የት አለና?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ በዱር የለም። ግን ጦጣ ወይም ዝንጀሮ ግቢ ውስጥ አስሮ ማሳደግ አለ አይደል? ልጆች ያበሉታል፣ ይጎትቱታል፣ አብረውት ፎቶ ይነሳሉ። መጠኑ ቢያንስም ጥርሱ ስለታም ነው። የእብድ ውሻ በሽታም በስሙ ውሻ ይባል እንጂ ጦጣና ዝንጀሮን ጨምሮ አጥቢ እንስሳትን ሁሉ ይይዛል።

ከነከሳችሁ ወይም ከቧጠጣችሁ፦

1. ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ።
2. ቡና፣ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር አትጨምሩበት።
3. «ትንሽ ጭረት ናት» ሳትሉ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።
4. ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ያድናል።

የዱር እንስሳን የምንወድ ከሆነ በቦታው እንተወው። በተለይ ግቢያቸው ውስጥ ጦጣ ላሰሩ ወዳጆቻችሁ ይህን ሼር አድርጉላቸው።

ጤናችሁ ይብዛ!