ሁለቱ ቡሌቶች

የሕንድ ሞተር ሲባል እኛ አገር ሰው ቶሎ ትውስ የሚለው ባጃጅ ነው። ሕንዶቹ ራሳቸው የሚሳሱለት ግን ሌላ ነው፤ ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት። ራጃስታን ውስጥ፣ ከጆድፑር ወደ ፓሊ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ቡሌት እንደ ታቦት ተከብሮ ቆሟል፤ መንገደኛው የአበባ ጉንጉን ያጠልቅለታል። ባለቤቱ በአደጋ ከሞተ በኋላ ፖሊስ ሞተሩን ጣቢያ ቢወስደው፣ በማግስቱ በራሱ ተመልሶ አደጋው ቦታ ተገኘ ይላሉ። እኔ የማውቀው ቡሌት ያለ ርግጫ ንቅንቅ የማይል ነውና ታሪኩን ለተራኪዎቹ ልተወው።

ይህን ሞተር ልግዛ ያለ ሰው የአሮጌና የአዲስ ምርጫ ይጠብቀዋል፤ ምርጫው ደግሞ በዓይን አይፈታም። የ1985ቱንና የ2023ቱን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው፣ ራቅ ብሎ ለሚያይ ሰው ወንድማማች ናቸው። ያው ክብ መብራት፣ ያው እንደ እንባ ጠብታ የሾለ ሰልባትዮ፣ ያው በእጅ የተሰመረ ወርቃማ መስመር። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን አንዱ የሌላውን ዕቃ አይቀበልም።

ትውልዱ እንግሊዝ ነው። ሬዲች ከተማ የነበረው ድርጅት ለኢንፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የጠመንጃ ዕቃ ያቀርብ ስለነበር ስሙን ከዚያ ወሰደ፤ “እንደ ጠመንጃ የተሠራ” የሚል መፈክርም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1932 የሠራውን ሞተር ደግሞ ቡሌት፣ ጥይት፣ አለው። ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ ሠራዊቷ ድንበር የሚቃኝበት ሞተር ፈልጎ 800 ባለ 350 ሲሲ ቡሌቶች አዘዘ፤ በ1955ም ዛሬ ቼናይ በምትባለው ማድራስ ሥራው ተጀመረ። እናት ድርጅቱ በ1970 እንግሊዝ ውስጥ ተዘጋ። ሕንድ ያለው ልጅ ግን ያንኑ ሞተር መሥራቱን አላቋረጠም፤ በ1977 ጭራሽ ለእንግሊዞቹ መልሶ ይሸጥላቸው ጀመር።

አሮጌው የምለው ሲሊንደሩ ጊዛ የሆነውን ነው። 346 ሲሲ፣ አንድ ፒስተን፣ 18 የፈረስ ጉልበት። የፒስተኑ ስፋት 70 ሚሊሜትር ሆኖ 90 ሚሊሜትር ይመላለሳል፤ ያ ረጅም ምልልስ ነው ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ የሚለውን፣ ቆሞ ሲንተከተክ እየቆጠሩ ሊያዳምጡት የሚቻለውን ድምፅ የሚሰጠው።

አነሳሱ ሥርዓት አለው። ቁልፉ ሲከፈት ከመብራቱ አናት ላይ ያለችው የአምፔር መርፌ ከመሀል ፈቀቅ ትላለች። መርገጫውን ቀስ አድርጎ መጫን ነው፤ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ሲል ፑንቲናው ይከፈትና መርፌዋ ወደ መሀል ትመለሳለች። ያኔ እመቃውን የምታስተነፍሰውን ትንሽ ማንሻ ሳብ፣ መርገጫውን በጥቂቱ ገፋ፣ ማንሻዋን ለቀቅ፤ ከዚያ በሙሉ ሰውነት አንድ ርግጫ። ልክ ከሆነ ይነሣል። ልክ ካልሆነ መርገጫው ተመልሶ እግር ይመታል፤ ያን የቀመሰ ሰው መርፌዋን ማየት ሁለተኛ አይረሳም።

ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ ነው። አንደኛ ወደ ላይ፣ የቀሩት ሦስቱ ወደ ታች። ሌላ ሞተር ለምዶ የመጣ ሰው ሲደነግጥ ፍሬን መስሎት ማርሹን ይረግጣል፤ ይህ ቀልድ አይደለም። በሌላ በኩል ከማርሹ አጠገብ በተረከዝ የሚጫኑት ትንሽ ፔዳል አለ፤ ከአራተኛም ሆነ ከሁለተኛ በአንድ ርግጫ ፎሌ ያስገባል። አዲሱ ላይ በኖረ ብዬ የምመኘው አንድ ነገር ይህ ነው።

ቫልቭ ማስተካከሉም የጣት ሥራ ነው። ከሲሊንደሩ ጎን ያለውን ክዳን ሲፈቱት ቫልቮቹን የሚገፉት ሁለት ዘንጎች ይታያሉ። ሞተሩ በርዶ ሳለ ዘንጉ በሁለት ጣት መሀል እንደ ልብ መሽከርከር አለበት፤ ወደ ላይና ወደ ታች መነቃነቅ ግን የለበትም። በቃ፣ ይኸው ነው። ዴልሂ ካሮል ባግ ውስጥ ይህን ሥራ የእግረኛ መንገድ ላይ ቁጢጥ ብለው፣ ከደንበኛቸው ጋር እያወጉ የሚጨርሱ መካኒኮች ሞልተዋል። መለዋወጫውም እዚያው አለ፤ ደህናውም፣ የማይረባውም።

የ2023ቱ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። 349 ሲሲ ሲሆን 20 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ቁጥሩን ላየ ሰው ልዩነቱ ከቁብ አይገባም። ልዩነቱ የሚታወቀው እጅ ላይ ነው። አሮጌው ከ80 በላይ ሲጠየቅ መሪው ጣት ያደነዝዛል፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል፣ ብሎን ይላላል። አዲሱ ውስጥ የፒስተኑን ንዝረት የሚያጣፋ ሌላ ዘንግ ይሽከረከራል፤ ነዳጁንም ኮምፒውተር እየመጠነ ይረጨዋል፤ ካርቡራተር የለ፣ ፑንቲና የለ። ማርሹ አምስት ሆኖ ወደ ግራ ዞሯል። መርገጫ ግን ጨርሶ የለውም። ባትሪው ከሞተ ያንን 195 ኪሎ መግፋት ነው።

ለእኔ ነገሩን የሚቆርጠው ፍሬኑ ነው። አሮጌው ፊትም ኋላም የሚይዘው በታምቡር ነው፤ ሸራው ደህና ሆኖ እንኳ ረጅም ቁልቁለት ላይ እየሞቀ ይደክማል። አዲሱ ፊት ለፊቱ 300 ሚሊሜትር ዲስክ ከነኤቢኤሱ አለው። ሕንድ በ2019 ከ125 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ ሞተር ሁሉ ኤቢኤስ እንዲኖረው አስገድዳለች፤ አሮጌውን የሚያስገድደው የለም። ስለዚህ በየቀኑ ሥራ የሚሄድበት፣ ከኋላው ልጅ ወይም ሚስት የሚያስቀምጥ ሰው ሲጠይቀኝ አላመነታም፤ አዲሱን። ዴልሂ ለሚኖር ሰው ሌላም ምክንያት አለ፤ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ15 ዓመት በላይ የሆነው ቤንዚን ተሽከርካሪ እዚያ እንዳይሽከረከር የወጣውን እገዳ በ2018 አጽንቶታል፤ ክርክሩም ከዚያ ወዲህ አላበቃም።

በ2010ዎቹ የተሠራውን መካከለኛውንም ልጠቁም። ሲሊንደሩ አሉሚኒየም፣ ማርሹ በግራ ነው፤ ቫልቭ ገፊዎቹን ዘይቱ ራሱ ያስተካክላቸዋል፤ መርገጫውም አለ። የሚያደንቀው አላገኘም እንጂ ብዙ ሰው የሚመቸው እሱ ነው።

ጊዛውን ካልገዛሁ ለሚል ግን፣ እሑድ ጠዋት ካቻቢቴ ይዞ ጎንበስ ማለት ደስ ካለው፣ አልከለክለውም። ከሥሩ ጥቂት ዘይት ቢያንጠባጥብ አይደንግጥ፤ ጨርሶ ደረቅ የሆነው ይልቅ ያጠራጥረኛል፣ ሊሸጡት ሲሉ አጥበውታል ማለት ነው። የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክር። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ሰላምታ ሰጥቶ ሳይጨርስ፣ መዳፉን ሲሊንደሩ ላይ ያኑር። ሞቆ ከጠበቀው ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል፤ በርዶ እንዴት እንደሚነሣ እንዳይታይበት። ነገ ጠዋት በማለዳ እመለሳለሁ፣ እስክመጣ አትንካው ብሎት ይሂድ።