ለማን፥ ለምንና በምን ዐይነት ወረቀት?
የኦጎልቾ ስንዴ ስለ ንግድ ጽሑፍ የሚሰጠን ትምህርት

ንግድ በአፍ ይጀመራል፤ በወረቀት ይፈጸማል። ዕቃው መልካም ሆኖ ሳለ ጽሑፉ ባለመስተካከሉ ምክንያት ገበያ ያመለጠው ወይም ገንዘቡ የዘገየበት ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ነጋዴ ሁሉ ብዕር ከማንሣቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ሊያስብ ይገባዋል፤ እነርሱም የጽሑፉ ዓላማ፥ የጽሑፉ አንባቢና የጽሑፉ ዐይነት ናቸው። ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ ከአርሲ ምሳሌ እናቀርባለን።

አንድ ስንዴ፥ ብዙ ጽሑፍ

ኦጎልቾ በአርሲ ዞን የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የምትገኘውም ከአሰላ ደጋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚወርደው አገር ነው። ስሟን ከአርሲ ውጭ ካስተዋወቁት ነገሮች አንዱ ስንዴ ነው፤ ከአሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዳቦ ስንዴ ዝርያ «ኦጎልቾ» ብሎ ሰይሞታልና።

ስለዚህ ስንዴ የሚጻፈው ጽሑፍ ግን አንድ ዐይነት አይደለም። ተመራማሪው ለሙያ ባልደረቦቹ ሲጽፍ ዓላማው ማረጋገጥ ነው፤ ስለዚህ ሙከራው የት እንደ ተደረገና ስንት ዓመት እንደ ፈጀ ሳይገልጽ አያልፍም። የግብርና ሠራተኛው ለገበሬው ሲጽፍ ዓላማው ማሠራት ነው፤ ስለዚህ በየትኛው መሬት፥ መቼና በሄክታር ስንት ኪሎ ዘር እንደሚዘራ በአጭሩ ያስረዳል። የዘር ሻጩ በከረጢቱ ላይ የሚለጥፈው ጽሑፍ የዝርያውን ስም፥ የዘሩን ደረጃና ዘሩ የተመረተበትን ዘመን ይናገራል። የእህል ነጋዴው ደግሞ ለዱቄት ፋብሪካ ሲጽፍ ስለ ስንዴው ንጽሕና፥ ስለ እርጥበቱ፥ ስለ ኩንታሉ ብዛት፥ ስለ ዋጋውና ስለ ማስረከቢያው ቦታ መግለጽ ግዴታው ነው።

እንግዲህ ስንዴው አንድ ሲሆን ጽሑፉ አራት ሆነ። የምርምሩን መግለጫ ገልብጦ ለፋብሪካው የሚልክ ነጋዴ ብዙ ገጽ ጽፎ ገዢው የጠየቀውን አንዱን እንኳ አልመለሰም ማለት ነው።

«ዋግን ይቋቋማል» የሚለው ቃል

አንባቢን ሳያስቡ መጻፍ ምን ያህል ጕዳት ሊያመጣ እንደሚችል የስንዴ ታሪካችን ያስረዳል። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ በአገራችን የስንዴ ማሳ ላይ ታላቅ ጥፋት ካደረሰ በኋላ፥ ይህን በሽታ የሚቋቋመው «ዲገሉ» የተባለው ዝርያ በሰፊው ተዘራ። ይሁን እንጂ በ2013 መጨረሻ በባሌና በአርሲ አዲስ ዐይነት የግንድ ዋግ ተነሥቶ ይህንኑ ዲገሉን መታው።

በዚያ ጊዜ አንድ የዘር ነጋዴ በማስታወቂያው ላይ «ይህ ዝርያ ዋግን ይቋቋማል» ብሎ ብቻ ጽፎ ቢሆን ኖሮ፥ ቃሉ ለቢጫው ዋግ እውነት፥ ለግንዱ ዋግ ግን ሐሰት በሆነ ነበር። ማስታወቂያውን የሚያነበው ገበሬ የዓመቱን ቀለብ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ የሚጥል ሰው ነው። ስለዚህ የትኛው በሽታ፥ በየትኛው ዓመት በተደረገ ምርመራ የሚለው ሳይጻፍ መቅረት የለበትም።

ከዚህም ጋር የቋንቋውን ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። በኦጎልቾ ገበያ የሚለጠፍ ማስታወቂያ የአካባቢው ሕዝብ በሚናገረው በአፋን ኦሮሞ ሊጻፍ ይገባል፤ ለአዲስ አበባ ደንበኛ የሚላከው በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ ለውጭ አገር ገዢ የሚላከው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው።

የዋጋ ዝርዝር ነው ወይስ ግዴታ?

የጽሑፉን ዐይነት አለመለየት በሕግ ፊትም ያስጠይቃል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1687 እንደሚደነግገው፥ የዋጋ ዝርዝር ወይም ካታሎግ መላክ፥ በአደባባይ መለጠፍ፥ እንዲሁም ዕቃን ለሽያጭ መደርደር ለውል እንደ ቀረበ ሐሳብ አይቈጠርም። ነገር ግን ነጋዴው ለአንድ ደንበኛ «500 ኩንታል ስንዴ በዚህ ዋጋ እሸጥልዎታለሁ፤ እስከ ወሩ 15 ቀን ድረስ ይመልሱልኝ» ብሎ ከጻፈ፥ በቍጥር 1690 መሠረት ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ በቃሉ ይታሰራል። በመካከሉ ገበያው ቢወደድ «ያ የዋጋ ዝርዝር ብቻ ነበር» ማለት አይረዳውም።

ደብዳቤውን የተቀበለውም ወገን ሊጠነቀቅ ይገባዋል። «ተቀብያለሁ፤ ዋጋው ግን ይቀነስልኝ» ብሎ ቢመልስ፥ በቍጥር 1694 መሠረት የቀረበለትን እንደ ተወና አዲስ ሐሳብ እንዳቀረበ ይቈጠራል፤ ሻጩም በፊተኛው ዋጋ የመሸጥ ግዴታ አይኖርበትም። እንዲሁም ቀድሞ ያልተስማሙበትን ነገር በፋክቱር ላይ መጨመር፥ ገዢው በግልጽ ካልተቀበለው በቀር አያስገድደውም። ፋክቱር የተፈጸመውን ስምምነት መግለጫ ነው እንጂ አዲስ ውል መዋዋያ አይደለምና።

ባቄላውን የማያይ አንባቢ

ወደ ውጭ አገር ለሚልኩ ነጋዴዎቻችን ከሁሉ የከበደው አንባቢ የባንክ ሠራተኛ ነው። ከአርሲ ደጋ የተሰበሰበ ባቄላ በሌተር ኦፍ ክሬዲት ሲሸጥ፥ ባንኩ ከረጢቱን ፈትቶ አያይም። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና ከሰኔ 24 ቀን 1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ፥ ዩ.ሲ.ፒ. 600 የተባለው፥ በአንቀጽ 5 ባንኮች ከሰነድ ጋር እንጂ ከዕቃ ጋር ግንኙነት እንደሌላቸው ይናገራል።

በዚሁ ደንብ መሠረት በንግድ ፋክቱሩ ላይ የሚጻፈው የዕቃው መግለጫ በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ውስጥ ካለው ጋር መስማማት አለበት። በሌሎቹ ሰነዶች ላይ ግን፥ ከዚያ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ፥ ጠቅለል ያለ ስም ይበቃል። ባንኩ ሰነዶቹን መርምሮ ለመወሰን ያለው ጊዜ ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀናት ነው። ስለሆነም ነጋዴው ባቄላውን ለማመስገን ሲል በፋክቱሩ ላይ የራሱን ያማረ አገላለጽ ቢጨምር ልዩነት ሊያስቈጥርበትና ክፍያው ሊቋረጥበት ይችላል። ምስጋናው ቦታው በደንበኛው ደብዳቤ ውስጥ ነው፤ በፋክቱሩ ላይ ግን የሌተር ኦፍ ክሬዲቱን ቃል እንዳለ መገልበጥ ይሻላል።

ከመጻፍ በፊት

ማንኛውም ነጋዴ ደብዳቤ ከማርቀቁ በፊት በቍራጭ ወረቀት ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ቢመልስ ይጠቀማል። አንደኛ፥ ይህን የሚያነብ ሰው ምን እንዲያደርግ እፈልጋለሁ? እንዲከፍል፥ እንዲያዝዝ፥ ወይስ እንዲያውቅ ብቻ? ሁለተኛ፥ አንባቢው ማን ነው? ምን ያውቃል፥ ምንስ ያጣራል? ሦስተኛ፥ ለዚህ ጕዳይ የሚስማማው ማስታወቂያ ነው፥ የዋጋ ዝርዝር ነው፥ ቀን የተወሰነለት ደብዳቤ ነው፥ ወይስ ውል?

ለእነዚህ መልስ ለመስጠት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። መልሱ ሳይታወቅ የተላከ ደብዳቤ ግን አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ በኋላ ሊመለስ አይችልምና፥ ሱቅ ያለውም ሆነ በመርከብ የሚልከው ነጋዴ ይህን ልማድ በጽሕፈት ቤቱ እንዲያጸና እናሳስባለን።