ክር በኪሎ ተገዝቶ በሜትር ያልቃል

የክረምት ወራት የተማሪ ሹራብ የሚታዘዝበት ወቅት ነው። ትምህርት ቤቶች መስከረም ላይ ከመከፈታቸው በፊት ሥራው ተጠናቆ መረከብ ስላለበት፣ ትዕዛዝ የያዘ ሹራብ ሠሪ ክር ፍለጋ መርካቶ ይገባል። የመጀመሪያ ጥያቄውም «ኪሎው ስንት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ክር የሚሸጠው በኪሎ ነው፤ ሹራብ የሚሆነው ግን በሜትር ነው። ይህን ልዩነት ያላሰላ ነጋዴ፣ ረከሰልኝ ባለው ክር ትርፉን ሊያጣ ይችላል።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ይከብዳል። ለሹራብ በብዛት የሚውለው አክሬሊክ ክር ከውጭ የሚገባ ነው። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ በእጅጉ በመውረዱ፣ በአንድ ኩንታል ክር ላይ የሚፈጸም ስህተት የሚያስከፍለው ገንዘብም አብሮ አድጓል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ሸማ የሚሠራው ድርና ማግ ተሻግረው ነው። ሹራብ ግን አንዱ ቀለበት በሌላው ቀለበት ውስጥ እያለፈ የሚያያዝ ክር ነው። የሚለጠጠው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ቢበጠስ እየተተረተረ የሚሄደውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ሹራብ ውፍረቱ ወጥ የሆነና በየቦታው የማይሳሳ ክር ይፈልጋል።

ውፍረቱን የሚናገረው በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። 2/28 የሚል ክር ሁለት ነጠላ ክሮች አብረው የተከረሩበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነጠላ በአንድ ግራም 28 ሜትር ይሄዳል። ሁለቱ ሲጣመሩ በግራም 14 ሜትር ይሆናል። 2/24 ከሆነ ደግሞ በግራም 12 ሜትር ብቻ ነው።

ለምሳሌ አንድ ሹራብ 4,200 ሜትር ክር ይፈጃል እንበል። በ2/28 ክር 300 ግራም፣ በ2/24 ክር 350 ግራም ይወስዳል። ብክነትን ሳንቆጥር፣ ከአንድ ኩንታል የመጀመሪያው 333 ሹራብ ሲያወጣ ሁለተኛው 285 ብቻ ያወጣል። የ48 ሹራብ ልዩነት በኪሎ ዋጋ ላይ አይታይም።

ሌላም ወጥመድ አለ። የጥጥ ክር ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በእንግሊዝ አቆጣጠር ነው። በሜትሪክ ነጠላ 20 ቁጥር በግራም 20 ሜትር ሲሆን፣ በእንግሊዝ የጥጥ አቆጣጠር ያው 20 ቁጥር 34 ሜትር ገደማ ነው። ደላላው «20 ቁጥር ነው» ሲል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው።

የወርቅ ሚዛን ይፈርዳል

የተጻፈውን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሜትር ርቀት ሁለት ምስማር መትቶ ክሩን ሳይወጥሩ 50 ዙር መጠምጠም 100 ሜትር ይሰጣል። ይህን በወርቅ ሚዛን ሲያስቀምጡት 2/28 ከሆነ 7.1 ግራም፣ 2/24 ከሆነ 8.3 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ክሩ የተጠቀለለበት ካርቶንም በክር ዋጋ እንዳይመዘን ለብቻው ተመዝኖ መቀነስ አለበት።

የጥጥ ክር ውሃ ይጠጣል። በንግድ ልማድ በ100 ኪሎ ደረቅ ጥጥ ላይ 8.5 ኪሎ እርጥበት ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ በረጠበ መጋዘን የከረመ ጥጥ የገዛ ሰው ለውሃ ገንዘብ ይከፍላል። አክሬሊክ የሚይዘው እርጥበት ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ዓይነቱን ለመለየት እሳት ይበቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። አክሬሊክ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይተዋል።

አንድ ቀለም፣ ሁለት ዙር

ለብዙ ሹራብ ሠሪ ትልቁ ኪሣራ የሚመጣው ከቀለም ነው። «ያው ሰማያዊ» የተባለ ክር በሌላ ጊዜ ከተነከረ፣ ሱቅ ውስጥ ያልታየው ልዩነት ፀሐይ ላይ ሲወጣ እጅጌውን ከደረቱ ይለየዋል። ትምህርት ቤቱም አልረከብም ይላል። ስለዚህ ለአንድ ትዕዛዝ የሚበቃውን ክር፣ ብክነቱን ጨምሮ፣ የማቅለሚያ ዙር ቁጥሩ አንድ ከሆነ ጭነት በአንድ ጊዜ መግዛት ይሻላል።

ቀብድ ከመክፈሉ በፊት አንድ ጥቅል ገዝቶ፣ በራሱ መኪና በ10 በ10 ሴንቲ ሜትር ናሙና ሠርቶ፣ አጥቦና መዝኖ ያየ ሰው፣ ሙሉው ትዕዛዝ ስንት ኪሎ እንደሚፈጅ ያውቃል። ከሻጩ ጋር ሲደራደርም «ኪሎው ስንት ነው?» ከማለት አልፎ «አንዱ ሹራብ በስንት ይወጣልኛል?» በሚለው ሒሳብ ይከራከራል። ትርፉ ያለው እዚያ ላይ ነው።