በኮቺን ጫማ አውልቆ መግባት

በህንድ አገር ባንጋሎር ከተማ የምትማር አንዲት የቤተ እስራኤል ልጅ፣ ጓደኞቿ ለዕረፍት ታጅ ማሃልን ለማየት ሲሄዱ እሷ ሌሊቱን በባቡር ወደ ኮቺን ተጓዘች። እዚያ ማታንቼሪ በሚባል ሰፈር በ1568 የተሠራ የአይሁድ ጸሎት ቤት አለ። ደጃፉ ላይ ጫማሽን አውልቂ አሏት። እስራኤል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ አያቷ ግን በጎንደር ጸሎት ቤት የሚገባው በባዶ እግር እንደነበር ሁልጊዜ ያወሯት ነበር።

ወለሉ ከቻይና በመጣ፣ ሰማያዊ ሥዕል በእጅ በተሳለበት ሸክላ የተነጠፈ ነው። ውበቱስ ውበት ነው። ተማሪዋን ግን የያዛት የአንድ ሰው ታሪክ ነው። አብርሃም ባራክ ሳሌም ጠበቃ ነበሩ፤ ትውልዳቸው ከባርነት ነፃ ከወጡ አይሁድ ነው። «ነጭ» የሚባሉት አይሁድ እንደ እሳቸው ያሉትን ወንበር ላይ አያስቀምጡም፣ ኦሪት እንዲያነቡም አይጠሩም ነበር። ኦሪቱ አንድ፣ ጸሎቱ አንድ! ሳሌም እንደ ጋንዲ ያለ ዱላ ታገሉ፤ ክልከላውም ቀስ በቀስ ተነሳ። በቀለሙ የተናቀ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ከ1950ዎቹ ወዲህ አብዛኞቹ የኮቺን አይሁድ ወደ እስራኤል ወጥተዋል። በማታንቼሪ የነበረ የሌላ ጸሎት ቤት የውስጥ እንጨት ሥራም ተነቅሎ መጥቶ፣ ዛሬ ኢየሩሳሌም ባለው የእስራኤል ሙዚየም ቆሟል። ስትመለስ አያቷን ልትወስዳቸው ቃል ገብታለች። እሳቸው በስልክ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እዚያስ ጫማ ይወለቃል?»